እትዬ ሽቅብ

የእትዬ ማርታን ሞት የነገረችኝ ኑሪያ ናት። ጠዋት ደወለችና፣ «ሰማሽ? እትዬ ሽቅብ አረፉ» አለችኝ። ክፋት አስባ አይደለም፤ ከተማው ሁሉ የሚጠራቸው በዚያ ስም ነው። እኔን ግን ከዕንባው በፊት ንዴቱ ቀደመኝ። ሰው ሞቶም በስሙ አይጠራም?

ለቅሶው ምሥራቅ ሠፈር፣ የእህታቸው ልጅ ግቢ ውስጥ ነበር። ከቀብር መልስ መዘምራኑ ዘምረው ሲጨርሱ ዳቦና ሻይ ዞረ፤ ድንኳኑ ውስጥም ወሬ ተጀመረ። አጠገቤ የተቀመጠ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ሰውዬ ወጣቶቹን ማጫወት ያዘ። እኒህ ሴትዮ፣ አለ፣ በደርግ ጊዜ በጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ላይ ተነሥተው ጥቁር ውሃ ከሐይቁ ይወጣል ያሉ ናቸው፤ ያውም የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነው። ወጣቶቹ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አፈሩ ገና አልደረቀም።

ለማያውቅ ልንገር። ጥቁር ውሃ ከሻሸመኔ በኩል ወደ ሐዋሳ ሲገባ በድልድይ የምንሻገረው ወንዝ ነው። ከረግረግ ተነሥቶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ይህን የሐዋሳ ሕፃን ያውቀዋል፤ ዓሣ አጥማጁ ያውቀዋል፣ ሾፌሩ ያውቀዋል፣ እትዬ ማርታም ከሁላችን በላይ ያውቁታል። ታዲያ ምን ሆነው እንደዚያ አሉ ብሎ በዚህ ሁሉ ዘመን የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። መሳቅ ይቀላል።

ሰውዬውን ዞር ብዬ አየሁት። በዚያ ውድድር ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ መልኩን አልረሳውም። ተነሥቼ ወጣሁ። ብቆይ ሻዩን ፊቱ ላይ እደፋበት ነበር።

እትዬ ማርታ ዳንጊሶ አጭር፣ ጠይም፣ እርምጃቸው ፈጣን የሆነ ሴት ነበሩ። ቀሚሳቸውን በመርፌ ቁልፍ ሰብሰብ አድርገው ብስክሌት ይነዱ ነበር። ያን ጊዜ ሐዋሳ ውስጥ ብስክሌት የማይነዳ ባይኖርም፣ አስተማሪ የሆነች ሴት ስትነዳ ሰው ቆሞ ያያል። እሳቸው ደንታም አልነበራቸው። ሲናደዱ መጀመሪያ በሲዳምኛ ለራሳቸው ያጉረመርማሉ፤ ከዚያ በአማርኛ ረጋ ብለው ለእኛ ይናገራሉ። የተናደዱበትን ግማሹን አንሰማም ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው በዚያ ዘመን ታሽጎ ነበር፤ እሑድ ጠዋት በራቸውን ዘግተው በለሆሳስ እንደሚዘምሩ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ቀበሌውም ያውቃል። በዚህ የተነሣ ሁልጊዜ አንድ ዓይን ይከተላቸው ነበር።

ከእሳቸው ጋር መንገድ መሄድ ፈተና ነው። አዲስ ከተማ ገበያ ካገኙን ከአንዱ ሱቅ የሰርዲን ቆርቆሮ ያነሡና ከየት አገር መጣ፣ የዚያ አገር ዋና ከተማ ማን ነው፣ በየትኛው ባሕር ነው የተጫነው ይሉናል። ባለሱቁ እንገዛለን ብሎ ይጠብቃል፤ እሳቸው ቆርቆሮውን አመስግነው ይመልሱለታል። አላውቅም ብንላቸው አይቆጡም። ከገመትን ግን ወዮልን። «ሄደሽ አይተሻል?» ነው ቃላቸው። አንድ ቀን ኑሪያ ስለ ሞስኮ ብርድ እርግጠኛ ሆና ስታወራ «ሄደሽ አይተሻል?» አሏት። ኑሪያ የፒያሳ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፣ መልስ አይቸግራትም፤ «መንግሥት ይላከኝና ልይ እንጂ እትዬ» አለች። እትዬ ማርታ እስኪያነቡ ሳቁ። «እግርሽ ለማይደርስበት መጽሐፉን እመኚ፤ እግርሽ ለሚደርስበት ግን እግርሽን ጠይቂ» አሏት።

በዚያ ዘመን ቀበሌዎች በጠቅላላ ዕውቀት ይወዳደሩ ነበር። እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ይሞላል፣ የግራ እጅ ተነሥቶ መፈክር ይባላል፣ ከዚያ ሦስት ሦስት ልጆች በየጠረጴዛቸው ይሰየማሉ። ጠረጴዛው ላይ የብስክሌት ደወል በቡሎን ተጠብቆ ታስሯል፤ ቀድሞ የደወለ ይመልሳል። ጥያቄው ከአዲስ አበባ ታሽጎ ይመጣል፣ መልሱም አብሮ። መጀመሪያ ጠፈር የወጣው ሰው ከየት አገር ነው የሚለው ጥያቄ ቀርቶ አያውቅም፤ መጀመሪያ ጨረቃን የረገጠው ከየት ነው የሚለው ደግሞ መጥቶ አያውቅም። እትዬ ማርታ ሁለቱንም አስተምረውናል፣ የትኛው እንደሚጠየቅ ግን እኛው ገብቶናል።

የቀበሌያችን ቡድን እኔ፣ ኑሪያና ማቴዎስ ነበርን። እኔና ኑሪያ ዐሥራ አንደኛ ክፍል፣ ማቴዎስ ዐሥራ ሁለተኛ። ማቴዎስ የሰማው ነገር ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀራል። ኩሩ ነው፤ ትክክል መሆንን ከምግብ በላይ ይወዳል። እናቱ ጥቁር ከለበሱ ቆይተዋል፤ ታላቁ ልጃቸው ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። የማቴዎስም ዕድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ደርሶ ነበር፤ ቀበሌው ደግሞ ከየሠፈሩ ወጣት እየለቀመ ይልካል። የቀበሌው ሊቀመንበር ለእናቱና ለእትዬ ማርታ ለብቻቸው አንድ ነገር ነገራቸው፦ ቡድኑ ካሸነፈ ቀበሌውን ወክሎ ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ስለሚቀርብ አባላቱ አይነኩም፤ ካልሆነ ማቴዎስ በሚቀጥለው ዙር ይሄዳል። እትዬ ማርታ እናቱን ይህን ለልጁ እንዳይነግሩት ለመኗቸው። ሞቱን እያሰበ ደወል የሚመታ ልጅ ስለ ወንዝና ስለ ተራራ ምን ያስታውሳል ብለው ነው። እኔም ኋላ ነው የሰማሁት። የእሳቸው ፊት ግን በእነዚያ ወራት ከስቶ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እስኪመሽ ያስጠኑን ነበር፤ ለማቴዎስ ደግሞ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ያመጡለታል፤ እኔና ኑሪያ አድልዎ ነው ብለን እናማቸዋለን።

የመጨረሻው ውድድር ቀን ነጥባችን ከሌላው ቀበሌ እኩል ሆነ፤ የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ጠያቂው ሐዋሳ ከመጣ ያልከረመ ወጣት ካድሬ ነበር። ወረቀቱን ገለጠና ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣው ወንዝ ማን እንደሚባል ጠየቀ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ተያየ። ማቴዎስ ደወለ፤ የሚወጣ ወንዝ የለም፣ ጥቁር ውሃ ይገባል እንጂ አይወጣም አለ። ካድሬው ወረቀቱን አየ። ስሕተት ነው፣ አለ፣ ዕድሉ ወደ ሌላው ቡድን ይዞራል። አዲስ አበባ ቢሮ የተቀመጠ አንድ ሰው ካርታ ላይ ሐይቁን የነካ ሰማያዊ መሥመር አይቶ እንደመሰለው ጽፏል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የሌላው ቀበሌ ልጆች ወንዙን ያውቁታል፤ ካድሬው ምን እንደሚፈልግም አሁን አውቀዋል።

እትዬ ማርታ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ጥያቄው ተሳስቷል አሉ፣ በትሕትና። ካድሬው መልሱ ከላይ የመጣ ነው አለ። እሳቸው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እዚህ ያላችሁ ሁሉ ድልድዩን ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው ያየውን ይናገር» አሉ።

ማንም አልተናገረም። ሕይወቱን ሐይቁ ላይ ያሳለፈው ዓሣ አጥማጅ እግሩን ያያል። በየቀኑ ድልድዩን የሚሻገረው የጭነት መኪና ሾፌር ጣሪያውን ያያል። ያ ድንኳን ውስጥ ያጫውት የነበረው ሰውዬ፣ ያኔ ጎልማሳ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ባርኔጣውን ያገላብጣል። ዝምታውን ይቅር እላለሁ። አፉን የከፈተ ሰው ወጥቶ የሚቀርበት ዘመን ነበር፣ እኔም አፌን አልከፈትሁም። ይቅር የማልለው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው።

ካድሬው እረፍት ብሎ እትዬ ማርታን ወደ መድረኩ ጥግ ጠራቸው። የእኔ ወንበር የጥጉ ወንበር ነው፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሲነጋገሩ ቃል በቃል ሰማሁ። ሰውዬው ፈርቶ ነበር፤ አሁን ይገባኛል። ከላይ የመጣ ወረቀት በእሱ እጅ ላይ ተነቅፎ ካደረ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ግለ ሂስ ያድርጉ አላቸው፤ ለተማሪዎችዎ አሳስተው ያስተማሩት እርስዎ መሆንዎን በሕዝብ ፊት ይናገሩ፣ እኔ ለቡድንዎ ተለዋጭ ጥያቄ እሰጣለሁ። ካልሆነ ዕድሉን ለእነዚያ አዞራለሁ፤ ልጁ ደግሞ የት እንደሚሄድ እርስዎም ያውቃሉ፣ እናቱም ያውቃሉ።

እትዬ ማርታ በሲዳምኛ ሊያጉረመርሙ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አላጉረመረሙም። «ካሸነፉ ልጁን አትነኩትም?» አሉት።

«ቡድኑ አይነካም።»

ወደ ሕዝቡ አዩ። የማቴዎስ እናት በሩ አጠገብ ቆመዋል፣ በጥቁር ነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው። ከዚያ እትዬ ማርታ ወደ መድረኩ መሐል ሄዱ። አንድም ቀን ሳያጣሩ ሲናገሩ ሰምቼ የማላውቃቸው ሴት ቆመው እንዲህ አሉ፦

«ጥቁር ውሃ ከሐዋሳ ሐይቅ ይወጣል። ለልጆቹ ተገላቢጦሽ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የማቴዎስ አይደለም።»

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፍርፍር አለ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። እነዚያው፣ አንድ እውነት ተናገሩ ሲባሉ እግርና ጣሪያ ያዩት፣ አሁን ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። በካድሬው ላይ መሳቅ ያስፈራል፤ በሴትዮዋ ላይ መሳቅ አያስፈራም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ለእውነት ያልተከፈተ አፍ ለሳቅ ሲሆን ምነው እንዲያ ሰፋ?

ተለዋጩ ጥያቄ ከልብ ደም የሚወስደው ሥር ማን ይባላል የሚል ነበር። ማቴዎስ ደወሉን ሊነቅለው ምንም አልቀረው፤ ደም ቅዳ አለ፣ አሸነፍን። ሕዝቡ አጨበጨበ። ማቴዎስ ግን ፈገግ አላለም። ትክክል መልሶ፣ የገዛ አስተማሪው በሕዝብ ፊት ስሕተተኛ አደረጉት፤ እሱ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው።

ስንወጣ እትዬ ማርታ ክንዴን ያዙኝ። እንደሰማሁ አይተዋል። የሰማሁትን እዚያው ጥዬው እንድወጣ ነገሩኝ፤ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ዕዳ ተሸክሞ እንዲኖር አልፈልግም አሉ። ቃል ገባሁላቸው። በንጋታው ትምህርት ቤት ስንደርስ ስሙ ወጥቶ ነበር፤ እትዬ ሽቅብ። ውሃ ሽቅብ ያስኬዱ ለማለት ነው። በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ ነበር፤ የእጅ ጽሕፈቱን አወቅሁት። የማቴዎስ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ለእሳቸው ምን እንደነበሩ ልንገራችሁ አልችልም፤ ለእኔ እሳት ነበሩ። በየኮሪደሩ ያሾፉባቸዋል። አስተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ ሳይቀር አንዱ ሻይ ሲቀዳላቸው ብርጭቆውን ገልብጦ ይይዝና በዚህ በኩል ነው ወይ እትዬ ይላቸዋል። ገበያ ውስጥ ያ የሰርዲኑ ባለሱቅ እንኳ ስሙን ተምሮታል። እሳቸው አንድ ቀን አላስተባበሉም። እኔ ግን በእሳቸውም ላይ ተናደድሁ፣ ለምን እደብቃለሁ። እንዴት ዝም ይላሉ? ለምን ክፍል ገብተው ወንዙ ይገባል ብለው አያስተምሩም? ጥቁር ውሃን የሚያነሣው ምዕራፍ ሲደርስ ዘለሉት፣ ስለ ዓባይ አስተማሩን።

የገባኝ መስከረም ላይ ነው። ማቴዎስ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፎ ሌላ ከተማ ኮሌጅ ደረሰው። ኮሌጅ የገባን ተማሪ ቀበሌ አይወስድም። ልጁን አውቶቡስ ላይ ያሳፈሩት እናቱ ናቸው፤ እትዬ ማርታ መናኸሪያው በር ላይ ብስክሌታቸውን ይዘው ቆመው፣ አውቶቡሱ ከዓይን እስኪሰወር አዩ። ማቴዎስ በመስኮቱ አይቷቸዋል፤ እጁን አላነሣም።

በዚያው ሳምንት ክፍላችን ገብተው ተነሡ አሉን። በእግር እስከ ጥቁር ውሃ ወሰዱን፣ ድልድዩ ላይ አሰለፉን፣ ከዳር ቄጠማ ቆርጠን ወንዙ ውስጥ እንድንጥል አዘዙን። ጣልን። ቄጠማው ቀስ እያለ ወደ ሐይቁ ሄደ። የሚስቅ አልነበረም። አንዱ ደፋር ልጅ ታዲያ ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ምንድን ነው አላቸው።

«ያን ጊዜ የተናገርኩት ውሸት ነው» አሉ። «ዛሬ ያያችሁት እውነት ነው። ጻፉት።»

ወሬው ካድሬው ጋ ለመድረስ አልዘገየም። ግለ ሂሱን የሻረ፣ ከላይ የመጣን መልስ በተማሪ ፊት ያፈረሰ፣ ደግሞም የታሸገ ቤተ ክርስቲያን አባል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል። ከማስተማር አነሡዋቸው። ትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አስቀመጡዋቸው፤ ለሌሎች አስተማሪዎች ጠመኔ የሚያድሉ ሆኑ። የጂኦግራፊውን ክፍል የያዘው አስተማሪ ብርጭቆ ገልባጩ ነበር። ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ እጁን ይዘረጋል፣ እትዬ ማርታ ጠመኔውን ይሰጡታል፣ ደኅና አደርክ ይሉታል።

ደርግ ወደቀ። ካድሬው የት እንደገባ አይታወቅም። የቤተ ክርስቲያኑ በር ተከፈተ፣ የአዳራሹ መፈክር ተፋቀ፣ ስማቸው ግን እንደነበረ ቀረ። ወደ ክፍል ይመለሱ ያለ አንድ የሥራ ባልደረባ አልተገኘም፤ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ነው ጡረታ የወጡት። እኔ ባለትዳር ሆኜ፣ ልጆች ወልጄም እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር። አርጅተውም አላደቡም፤ ልጆቼን የያዙትን ብስኩት ከየት አገር እንደመጣ ይጠይቋቸዋል። ለማቴዎስ ይንገሩት፣ ወይ እኔ ልንገረው እላቸዋለሁ በሄድሁ ቁጥር። ወሬውን ወደ ልጆቼ ይመልሱታል።

ከድንኳኑ እንደወጣሁ አጥሩን ተደግፌ ስልኬን አወጣሁ። ማቴዎስ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ሰው ነው፤ ስብሰባ የሚመራ፣ መኪና የሚከፈትለት። እትዬ ማርታ ሞቱ አልሁት። ውይ፣ እትዬ ሽቅብ ነፍስ ይማር አለ፣ ድምፁ ውስጥ ሳቅ ቢጤ ነበረች። ያቺ ሳቅ ናት የያዝኩትን ሁሉ ያፈረሰችው። ቃል የገባሁላቸው ሰው ከአፈር በታች ናቸው፤ ከአፈር በላይ ያለው ይስቃል። ጥጉን፣ ካድሬውን፣ የእናቱን ነጠላ፣ መናኸሪያውን፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱን፣ ሁሉንም ነገርኩት። አላለዘብኩለትም።

ከዚያ፣ «ስሙን እኔ እንዳወጣሁት ያውቁ ነበር?» አለኝ።

«ያውቁ ነበር። በዚያው ቀን እያለቀስኩ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አሉ?»

«‹ተይው ይሳቅ› አሉኝ። ‹እዚህ ሆኖ ነው የሚስቀው።›»

ሲያለቅስ ሰማሁት። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ አለ፤ አመንሁት። ቅዳሜ ሾፌሩ መጣ፣ ስሙና ማዕረጉ በወርቅማ ቀለም የተጻፈበት ትልቅ የአበባ ጉንጉን ይዞ። ስብሰባ አጋጥሞት ነው አለን። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ጉንጉኑን አይተው፣ ተማሪያቸው ነበር እኮ፣ እንዴት ያለ ሰው አፍርተዋል ተባባሉ።

እሱ ስላልተናገረ እኔ ጻፍኩት። ማቴዎስ ግን እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ ቀይሬዋለሁ። ለእሱ አዝኜ አይደለም። እትዬ ማርታ ይህን ጽሑፍ ቢያዩት መጀመሪያ የሚሰርዙት የእሱን ስም ስለሆነ ነው።